የአራት ነጥብ ድምፅ

አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሌሎችን ቃል ጮክ ብሎ ሲያነብ ኖሮ፣ የራሱን አንዲት መስመር ሳያሳትም ቢያረጅ፣ ያ ዕድሜ ተደምሮ ምን ይወጣዋል? ግንበኛው ግድግዳ ይተዋል፤ አናጺው ወንበር። ሥራው ከአፍ ወጥቶ አየር ላይ የሚበተን ሰውስ ምን ትቶ ነው ኖረ የሚባለው? የፍልስፍና መጻሕፍት ሕይወትን አንዴ በሐሳብ አንዴ በተግባር ሲመዝኑ አይቻለሁ። ድምፅን የሚመዝን ሚዛን ግን አንዱም ጋ አላገኘሁም።

ይህን የሚያስጠይቀኝ በማተሚያ ቤቱ የእርማት ክፍል ፊት ለፊቴ ተቀምጣ የኖረች ሴት ነገር ነው። እሷ አንባቢ፣ እኔ አራሚ ነበርን። አሠራሩ ዛሬ ስለጠፋ ላስረዳ። የደራሲው ረቂቅ እሷ እጅ ላይ ይሆናል፤ ከማሽን የወጣው የሙከራ ገጽ እኔ እጅ ላይ። እሷ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኔ በእርሳስ ጫፍ እየተከተልኩ የተሳተውን እይዛለሁ። ቃሉ ብቻ አይበቃም፤ ምልክቱም ይነበባል። «ሰውየው ወደ ቤቱ ገባ ነጠላ ሰረዝ በሩንም ቆለፈ አራት ነጥብ አዲስ መስመር።» የሕግ መጽሐፍ ይሁን ልቦለድ፣ የመድኃኒት መመሪያ ይሁን የልጆች ተረት፣ ሁሉም በዚያ ድምፅ ውስጥ አልፎ ነው ወደ ሰው እጅ የደረሰው። ወፍራም ድምፅ ነው፤ ትንሽ ሻካራ፣ ፈጽሞ የማይቸኩል።

ስሟን ያወጣላት የማሽን ክፍሉ ኃላፊ ነው። ሰውየው ሲወለድም ቸኩሎ የተወለደ ይመስለኛል። አንድ ቀን በሩን በርግዶ ገባ።

«ገጾቹን አምጪ እንጂ! ማሽኑ ቆሞ እየጠበቀ ነው!»

«ይጠብቃ! ማሽን እግሩን አያመው።»

«አለቆቹን ምን ልበላቸው ታዲያ?»

«አላለቀም በላቸው አራት ነጥብ!»

ምልክቱን ማለቷን እሷ ራሷ አላስተዋለችውም። ኃላፊው ግን እየሳቀ ወጥቶ ለፎቁ ሁሉ አወራ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ «አራት ነጥብ» ሆና ቀረች። ሒሳብ ክፍል ሳይቀር በዚህ ስም ነበር የሚጠራት።

ኮምፒውተር መጣና አሠራሩን በላው። ጮክ ብሎ ማንበብ ቀረ፤ እሷንም ወደ ጽሕፈት ሥራ አዛወሯት። በኋላ ማተሚያ ቤቱ ራሱ ሲዘጋ ዕቃው ለሠራተኛው ሲከፋፈል፣ አንዱ ጠረጴዛ፣ አንዱ የግድግዳ ሰዓት ሲወስድ፣ እሷ ከእርማት ክፍሉ ግራጫውን ኮምፒውተር መረጠች። «እኔን ከንባቡ ያስወጣኝ ይሄ ነው፤ እሱም ከኔ ጋር ጡረታ ይውጣ» አለች። ቤቷ ወስዳ በመስኮቱ ሥር አኖረችው፤ አቧራ እንዳይገባው ጨርቅ አለበሰችው። ሲነሳ ማራገቢያው እንደ ጉንፋናም ሰው ያፏጫል እንጂ አንድም ቀን ከድቷት አያውቅም።

በዚያ ቤት ሁለት ሆነው ይኖራሉ፤ እሷና ታላቅ እህቷ። ልጇ ጎጆ ወጥታለች፣ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። እህትየው የዓይናቸው ብርሃን ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። ጠዋት ጠዋት አራት ነጥብ ጋዜጣ ታነብላቸዋለች፤ እንደ ድሮው፣ ከነምልክቱ። አንድ ቀን ልጠይቃቸው ሄጄ፣ «ሰረዙንና ነጥቡን ብትተይላቸው አይሻልም?» ብላት፣ መልሱ የመጣው ከአልጋው በኩል ነበር።

«ተወኝ አንተ! ያለ ምልክቱ እኮ ሐሜት እንጂ ንባብ አይመስለኝም።»

ለእኒህ ሴት እህታቸው ማለት ድምፅ ናት። ፊቷ ከጠፋቸው ቆይቷል። ቤት ውስጥ ያለች መሆኗን፣ ተቆጥታ ይሁን ደስ ብሏት፣ ከሱቅ የመጣው ማን እንደሆነ የሚያውቁት በዚያ ሻካራ ድምፅ ብቻ ነው።

የጉሮሮዋ ነገር በሳል ነበር የጀመረው። ሐኪሙ ብዙ አልዞረም፤ እብጠቱ ክፉ ነው፣ ማንቁርቷ መውጣት አለበት። ትተነፍሳለች፣ ትበላለች፣ ትኖራለች። አትናገርም።

«መጻፍ ይችላሉ እኮ» አላት ሊያጽናናት። «እጅዎን የሚነካው የለም።»

«የምጽፍላት አታይማ» አለችው።

ሐኪሙ ታዲያ አዲስ ነገር መጥቷል አለ። ኮምፒውተሩን በሚያንቀሳቅሰው አዲሱ ሲስተም ላይ ሰው ዓረፍተ ነገሮች ያነብለታል፣ ኮምፒውተሩ ድምፁን ይማራል፤ ከዚያ በኋላ የተጻፈለትን ሁሉ በዚያው ሰው ድምፅ ይናገራል። ከቀዶ ጥገናው በፊት ድምፃቸውን እንዲህ ያኖሩ በሽተኞች አሉ። ቀጠሮው ከወር በኋላ ነው፤ ጊዜ አለ።

አብሬያት ነበርኩ፤ ከሆስፒታል ስንወጣ እየሳቀች ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ ሰማኸው? ሞቼም ልለፈልፍ ነው!»

ልጇ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጣ ፈለገችው፣ አገኘችውም። እኔም አጠገባቸው ነበርኩ። አገልግሎቱ ከነስሙ፣ ከነማብራሪያው፣ የሚናገር ሰው ሥዕል ተስሎበት ስክሪኑ ላይ ወጣ። ልጅቷ ስትነካው ግን ከሥሩ አንዲት ግራጫ መስመር ብቅ አለች፦ ይህ ኮምፒውተር አገልግሎቱን አይደግፍም።

«ለምን?» አለች እናት።

«አይልም እማዬ። አይደግፍም ብቻ ነው የሚለው።»

«ማይክሮፎን አለው፣ ድምፅ ማውጫ አለው፣ ያነባል፣ ይጽፋል። ምን ጎደለው?»

ለዚህ መልስ ፍለጋ ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ከፋርማሲው ጀርባ ወዳለው ጠጋኝ ወሰድነው። ሰፈሩ ዶክተር ብሎን ይለዋል። ሲያወራ አፉ ውስጥ ብሎን ይይዛል፤ አንድ ቀን ይውጠዋል እያልን እንሰጋለን።

«እማማ፣ ነገሩ እንዲህ ነው» አለ ክዳኑን እየከፈተ። «አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ለዚህ ዓይነት ሥራ ብቻ የተሠራ ሌላ ቺፕ አላቸው። ድምፅ መማር፣ ፊት መለየት፣ እንዲህ ያለውን የሚሠራው እሱ ነው። የእርስዎ የለውም።»

«ስለዚህ አይችልም?»

ብሎኑን ከአፉ አወጣ። «እሱን አላልኩም። ዋናው ቺፕ፣ ፕሮሰሰሩ፣ ሊሠራው ይችላል። ግን ያኛው በአንድ ወይ በሁለት አዳር የሚጨርሰውን ይሄ ሳምንት ሊፈጅበት ይችላል። ማራገቢያው ሲጮህ ይከርማል።»

«ይጩሃ!»

«ፋብሪካው አይፈልግማ እማማ። አንደኛ፣ ቀርፋፋ ከሆነ ሰው ሲስተሙ መጥፎ ነው ይላል፤ ስማቸው ይጠፋል። ሁለተኛ፣ በየዓመቱ የወጣውን አሮጌ ሞዴል ሁሉ አንድ በአንድ መፈተሽ ሊኖርባቸው ነው፤ ስንቱን ይችሉታል? ሦስተኛ…» ፈገግ አለ። «ሦስተኛውን እርስዎም ያውቁታል። አሮጌው ሁሉን ከቻለ አዲሱን ማን ይገዛል?»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰሙም እነዚህ ሰዎች?»

«እነሱ ጋ እንቁላሉ በአንድ ቀን ካልሄደ ይጣላል።»

ለፍርድ እንዳልቸኩል ብዙ አሰብኩበት። ደፍ ማበጀት፣ ከዚህ በታች አይገባም ማለት፣ በራሱ በደል አይደለም፤ ድልድይም የሚሸከመው ክብደት ይጻፍበታል። ግን ድልድዩ ጭነትህን ነው የሚመዝነው። የተወለድክበትን ዓመት አይጠይቅህም። ዶክተር ብሎን በዚያው ከሰዓት በኋላ ያሳየን ነገር ከዚህ የባሰ ነበር፤ ሲስተሙ ኮምፒውተሩን እስቲ ሞክር ብሎት አያውቅም። ሞዴሉን ያያል፣ በሩን ይዘጋል። ዕድሜ ነው የሚጠየቀው፣ አቅም አይደለም። እኛ በጡረታ የወጣን ሰዎች ይህን አሠራር ከሩቅ እናውቀዋለን።

«አንድ ዘዴ አለ» አለ ጠጋኙ። «አዲሱን ሲስተም ራሱን ሸውጄ ልጭንበት እችላለሁ። ግን ቃል አልገባም።»

«ሸውደው፤ በረከቴ ይድረስህ» አለችው።

ተሳካለት። ኮምፒውተሩ እያጓራ፣ እየሞቀ፣ አዲሱን ሲስተም ተቀበለ። የሚያምር የተራራ ሥዕል ስክሪኑን ሲሞላው አራት ነጥብ እንደ ልጅ አጨበጨበች። «አየኸው ጋሼ? ሽማግሌው ሙሽራ ሆነ!» ወደ አገልግሎቱ ቦታ ገባን። ቀደም ሲል ግራጫ መስመር የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። ስሙም፣ ማብራሪያውም፣ የሚናገረው ሰው ሥዕልም የለም። ፊት አይቻልም ብሎ ነበር፤ አሁን ጭራሽ እንደዚያ ያለ ነገር በዓለም ላይ እንዳልተፈጠረ ሆኖ ቁጭ አለ። እሷ ጨርቁን አንስታ ኮምፒውተሩን አለበሰችው። «አንተ ምን አደረግክ» አለችው፤ ለኮምፒውተሩ።

አዲስ እንግዛልሽ ብንል በሕክምናው ወጪ ላይ የሚታሰብ አልሆነም፤ ልጅቷ ልበደር ስትል እናቲቱ በሩን አሳየቻት። ኮምፒውተሩ ከፋብሪካ ይዞት በመጣው ድምፅ እንሞክርም አልን። እሱን አሮጌው ይችላል። ልጇ «ደህና አደርሽ እትዬ፣ ሻይ ላምጣልሽ?» ብላ ጻፈችና አስነገረችው። እንደ ብርጭቆ የለሰለሰ የሴት ድምፅ ከመስኮቱ ሥር ወጣ። እህትየው አልጋቸው ላይ ቀና አሉ።

«ማናት?»

«እኔ ነኝ እትዬ። በኮምፒውተሩ ነው» አለች አራት ነጥብ።

«አይደለሽም። ይቺን ሴትዮ ከቤቴ አስወጡልኝ። ሻይዋንም ይዛ ትሂድ።»

ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ከዚያ በኋላ እየመሸ ሲሄድ የእህታቸውን እጅ ይዘው አልለቅ አሉ። ነገሩ ምን ላይ እንደቆመ ያን ዕለት ሁላችንም ገባን። የሚያስፈልገው የሚናገር ማሽን አይደለም። የቀዶ ጥገናው ቀን ሳይደርስ ተይዞ መቀመጥ ያለበት እሳቸው የሚያውቁት ድምፅ ነው።

ልጅቷ ከምትሠራበት ቢሮ አዲስ ላፕቶፕ ለዕረፍት ቀናቱ ተውሳ መጣች። አለቃዋ ሰኞ ጠዋት ሥራ ሲጀመር እንዲመለስ አጥብቆ አስጠንቅቋታል። ላፕቶፑ ሳይለመን በሩን ከፈተ፤ «ቀጥሎ የሚታየውን ያንብቡ» አለ። አራት ነጥብ መነጽሯን አድርጋ፣ ወገቧን አቅንታ፣ የእርማት ክፍሉን አቀማመጥ ተቀመጠች።

«ዝናቡ ካባራ በኋላ ነጠላ ሰረዝ ልጆቹ ወደ ሜዳው ሮጡ አራት ነጥብ።»

ላፕቶፑ አሰበ። «ንባቡ ከጽሑፉ ጋር አይመሳሰልም፤ እንደገና ያንብቡ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«እማዬ፣ ምልክቱን አትበይ።»

«እ… ልክ ነሽ። ዝናቡ ካባራ በኋላ ነጠላ…» አፏን በእጇ ያዘች።

እዚህ ላይ ነው ማንም ያልገመተው እንቅፋት የመጣው። አርባ ዓመት ያህል እስትንፋሷን የምትወስደው በምልክቶቹ ላይ ነበር። ነጠላ ሰረዙን ስትል ታርፋለች፣ አራት ነጥቡን ስትል ትጨርሳለች። ያን ስትከለከል የምትተነፍስበት ቦታ ጠፋት። ቃል ከቃል ትረግጣለች፣ መሃል ላይ ያስላታል፣ አንዳንዴ ምልክቱን ውጣ በከንፈሯ ብቻ ታንሾካሹካለች፤ ላፕቶፑ ያንንም ሰምቶ ይጥለዋል። በሕይወቷ ሙሉ ከሰው ሁሉ አስተካክላ ያነበበች ሴት፣ በማሽን ፊት ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን «እንደገና» እየተባለች ዋለች። ጉሮሮዋ ሲደክም እናቆማለን፣ በሙቅ ውሃ ስታረጥበው እንቀጥላለን።

«አንቺ ልጅ» አሉ እህትየው ከአልጋቸው፣ «ምን አድርጊ ነው የሚሉሽ?»

«አራት ነጥብን ተዪ ነው የሚሉኝ እትዬ።»

«ታዲያ መቼ ነው የምታቆሚው?»

እሑድ ሲመሽ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ተቀበላት። አሁን ላፕቶፑ ከኤሌክትሪክ ጋር ተገናኝቶ፣ የሰማውን ብቻውን እየተማረ ማደር አለበት። ሰኞ ጠዋት ስናየው የሥራውን መጠን የሚያሳየው መስመር ከግማሽ ትንሽ አልፎ ነበር። ልጅቷ አለቃዋ ዘንድ ደወለች፤ አንድ ቀን ብቻ ብላ ለመነች። ስልኩን የዘጋችው ሳትሰናበት ነው። ላፕቶፑ ተነቅሎ ሄደ፤ ቢሮው ውስጥ ዕቃ የሚቆጣጠረው ሰው የሥራ ያልሆነውን ሁሉ ጠርጎ አጠፋው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይሄ ነው። ሁለተኛ ማዋስም በደብዳቤ ተከለከለ።

የቀረን ግራጫው ነው። መቅዳት ይችላል፤ መቅዳት ድሮም ይችላል። አራት ነጥብ የጋዜጣውን ገጾች፣ የድሮ መጻሕፍቷን፣ የልጆቹንና የሜዳውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ እንዳሻት፣ ከነምልክቱ፣ ከነሳሏ አነበበችለት። እሱም ያለ አንዳች ማጉረምረም ሁሉንም ተቀበለ። ግን ቅጂ የተባለውን ይደግማል እንጂ ለተጠየቀው አይመልስም። እህትየው ነገ «እግሬን አመመኝ፣ ምን ላድርግ?» ቢሉ፣ ከተቀዳው ውስጥ ለዚያ የሚሆን መልስ ማን ፈልጎ ያወጣል? ድምፁ ሁሉ እዚያው ውስጥ አለ። ያን ድምፅ ሰምቶ የሚማረው ችሎታም በዓለም ላይ አለ። በሁለቱ መሃል የጎደለው አንድ ፈቃድ ነው።

ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት በነበረው ቀን የሲስተሙ አምራቾች የደንበኞች መስመር ላይ እደውላለሁ አለች። «እኔ ልናገርልሽ» አልኳት።

«ነገ ትናገርልኛለህ። ዛሬ አፍ አለኝ።»

የስልኩን ድምፅ ከፍተን ጠበቅን። «ይህ ጥሪ ለአገልግሎት ጥራት ሲባል ይቀዳል» አለ መጀመሪያ። «ይቅዱት፤ ማስቀመጫ አያጡም» አለች። ከብዙ ሙዚቃ በኋላ ጨዋ የሆነ ወጣት አነሳ። ሁሉንም በትዕግሥት ሰማት።

«እናቴ፣ በጣም አዝናለሁ። በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ የአገልግሎቱ ጥራትና ፍጥነት ስለሚወርድ ነው የተዘጋው። ደንበኞቻችን ቅር እንዳይላቸው ነው።»

«ቅር የሚለው ደንበኛ እኔ ነኝ አይደል ልጄ?»

«አዎ፣ እርስዎ ነዎት።»

«እኔን ቅር አይለኝም። ጨረስን?»

«እንደዚያ የሚል ምርጫ የለውም እናቴ። እኔ ብችል…»

«አንተን መቼ ወቀስኩህ። የሚችለው ሰው የት ነው ያለው?»

«ጥያቄዎን ጽፌ ለሚመለከተው ክፍል ማስተላለፍ እችላለሁ። ከዚያ በላይ…»

«በቃ ጻፍ። እኔ ላንብብልህ፣ አንተ ጻፍ። እንዳትሳሳት ከነምልክቱ ነው የምልህ።»

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። አሁን መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች፤ ለእኔ በወረቀት ትጽፍልኛለች፣ ቀልዷም አልቀነሰም። እህትየው «አለሽ?» ሲሉ ጠረጴዛውን አራት ጊዜ ትመታለች፤ እሳቸውም አለች ብለው ይረጋጋሉ። ሰው ሲያየው ደስ የሚል ነገር ነው ይላል። እኔን አያጽናናኝም፤ አራት ነጥብ የዓረፍተ ነገር መጨረሻ ነው እንጂ ዓረፍተ ነገር አይደለም። ዶክተር ብሎን እንደነገረኝ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሲስተም ወጥቷል፤ የዚያ ቢሮ ላፕቶፕም ለአዲሶቹ አገልግሎቶች አርጅቷል ተብሏል። ግራጫው ግን ዛሬም ሲነሳ እያፏጨ ይነሳል፤ ድምፅዋን ይዞ ይጠብቃል።

ከአምራቾቹ ጥያቄዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን የሚል አጭር መልእክት መጣ። ሌላ አልመጣም። ወጣቱ የሰማው፣ እኔም ያለ እርሳስ እንደ ድሮው ቃል በቃል የተከተልኩት፣ በራሷ ድምፅ የተነበበው የመጨረሻ ጽሑፍ ይህ ነበር፦

«ኮምፒውተሬ ያረጀ መሆኑን አውቃለሁ አራት ነጥብ እኔም አርጅቻለሁ አራት ነጥብ አይችልም ከማለታችሁ በፊት ነጠላ ሰረዝ አንድ ጊዜ ይሞክር ዘንድ ፍቀዱለት አራት ነጥብ ቀርፋፋ ከሆነ ነጠላ ሰረዝ እኔ እጠብቀዋለሁ አራት ነጥብ።»